ቈጥሮ ስለ ማስቀመጥ

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ምዕራፍ የምነግራችሁ ስለ ጥቂት አሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ነው። በላያቸው የተጻፈው ዋጋ ሁሉ ቢደመር ዛሬ አንድ ሰው ደኅና ምሳ አይበላበትም፤ ያውም ገንዘብነታቸው ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖአል። ሆኖም በእነርሱ ምክንያት አንድ ሰው ከቤቴ አዝኖ ወጥቶአልና ነገሩን አቃልዬ ላልፈው አልቻልሁም።

እናቴ በአራዳ፥ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሽቅብ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጕልት ትቸረችር ነበር። ሽንኩርት፥ ቃሪያ፥ ሎሚና የቤት ዳቦ ይዛ ማለዳ ትቀመጣለች። ሲመሽም በመቀነቷ ቋጥራ ያመጣችውን ሳንቲም ከአልጋዋ ራስጌ በቆመችው ትንሽ ማድጋ ውስጥ ታፈሰዋለች። የወረቀቱን ብርና ሽልንጉን ለዕቁብና ለቤት ኪራይ ለይታ ስለምትይዝ ወደ ማድጋይቱ የሚገባው መዳቡ ብቻ ነበር። «ይህ ያንተ ትምህርት ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ስለ ተቀበለኝ ማድጋይቱ ሳትነካ እየሞላች ሄደች።

በዚያ ትምህርት ቤት የተራራውን ስብከት በቃላችን እንድናጠና እንታዘዝ ነበር። ብልና ዝገት ስለሚያጠፉት መዝገብ የሚናገረውን ክፍል ያጠናሁ ዕለት፥ ልጅ ነበርሁና እናቴን ልገሥጻት ወደ ቤት ሮጥሁ። እርስዋም ሽንኩርቷን እየላጠች አዳመጠችኝና «የሚዝገው ብረት ነው እንጂ ልጄ፥ መዳብ አይዝግም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ኋላ ኬሚስትሪ ስማር ግማሹን እውነቷን እንደ ነበረ አወቅሁ። ብረት ሲዝግ ዝገቱ እየተፈረፈረ ይወድቃል፥ ከሥሩ ያለውም አዲስ ብረት ደግሞ ይበላል። መዳብ ግን አየር ሲነካው ቡናማ ቆዳ ያወጣል፤ ያም ቆዳ ከሥሩ ያለውን ይጠብቀዋል። ይህ የሚሆነው እርጥበትና ጨው እስካላገኘው ድረስ ነው። ያን ግማሽ እናቴም እኔም ገና አላወቅነውም ነበር።

የዛሬ ልጆች የመዳብ ሳንቲም በእጃችሁ ይዛችሁ አታውቁ ይሆናልና ስለ እርሱ ጥቂት ላስረዳችሁ። አራዳ የከተማው ዋና ገበያ በነበረበት ዘመን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሕዝቡ ይገበያይ የነበረው በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ያች ብር 28 ግራም ትመዝናለች፤ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 ተብሎ ተጽፎባት፥ ከዚያም በኋላ በነበረው ዘመን ሁሉ በዚያው ዓመት ስም ስትመታ ኖራለች። ለትልቅ ነገር መልካም ናት፤ ነገር ግን ለአንድ ራስ ሽንኩርት ጠገራ ብር የሚሰብር የለም። ስለዚህ አሞሌ ጨው፥ የጠመንጃ ጥይት እንኳ ሳይቀር፥ እንደ ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ገንዘብ ሲያስመቱ ከብሩና ከአላዱ ጋር 1889 ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት፥ የብር መቶኛ የሆነ መዳብም አስመቱ። ሕዝቡ ግን ከለመደው ጠገራ ቶሎ አልተላቀቀም። የቤሳ ስም ከዚያን ዘመን የቀረልን ነው፤ ዛሬም ኪሱ የተራቈተ ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል፥ ቤሳውን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

በ1923 ዓ.ም. የወጡት ባለ አንድና ባለ አምስት መቶኛዎች ደግሞ መዳብ ነበሩ። ቀጥሎ ጠላት ገባ፤ ገበያውን ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረ፥ ለሰፈሩም ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶ ሄደ። ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጥቂት ዓመት ሠራ፤ በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አዲሱ ብር ወጣ። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ይመነዘር ስለ ነበር ሃምሳ ሳንቲሙ «ሽልንግ» እየተባለ ቀረ። ሃምሳው ከብር ማዕድን ሲሆን አንዱ፥ አምስቱ፥ ዐሥሩና ስሙኒው ከመዳብ ተሠሩ። ስሙኒው መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር። ነገር ግን ተንኰለኞች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ስላሳለፉት፥ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸነሸነ ሌላ ስሙኒ ተተካ። ዕውር እንኳ ቢሆን በጣቱ ይለየዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የተጻፈው ዓመት 1936 ነው፤ እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ በየጊዜው ሲመቱም ዓመቱ አልተለወጠም። ስለዚህ «1936 ይላልና እጅግ ጥንታዊ ነው፥ በብዙ ሺህ ብር ይሸጣል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። አንዳንዱ እንዲያውም ወርቅ አለበት እያለ ያወራል። በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደጃፍ ያደግሁ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ወርቅ ሠሪ ወርቁን ለማጠንከር መዳብ ይጨምርበታል እንጂ መዳብ ላይ ወርቅ የሚጨምር ሞኝ አላየሁም።

በ1969 ዓ.ም. ሳንቲሙ ሁሉ ተለወጠ። አንዱ ሳንቲም ከአሉሚኒየም፥ አምስቱና ዐሥሩ ከቢጫ ናስ፥ ስሙኒውና ሃምሳው ከነጭ የኒኬልና የመዳብ ቅልቅል ሆኑ፤ በንጉሡ መልክ ፈንታም የአንበሳ ራስ ወጣ። የመምህርነት ሥራ የጀመርሁበት ዓመት ነበር። እናቴን «መዳቡን ወስደን እንለውጠው» አልኋት። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ይካሄድ እንደ ነበር ከታሪክ ታነባላችሁ። ከባድ ከረጢት ተሸክሞ በመንገድ መታየት «ምንድን ነው? ከየት አመጣኸው?» የሚያሰኝ ነበር። እናቴም «ልጄን በሳንቲም አልለውጠውም» ብላ ማድጋይቱን በአሮጌ ነጠላ ሸፍና ዝም አለች። ጊዜው አለፈ፤ መዳቡም ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የእናቴ ዕቃ ሆነ።

እናቴ በ1985 ዓ.ም. ዐረፈች። ማድጋይቱ በለቅሶው ግርግር ተሰነጠቀችና ሳንቲሙን ወደ አንድ የእንጨት ሣጥን ገለበጥሁት። ቤታችን እንደ ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች የጣውላ ወለል ነበረው፤ ሣጥኑንም በዚያ ወለል ላይ፥ ከአልጋዬ ሥር፥ በጥግ በኩል አኖርሁት። ሳፈሰው አንድም አልቈጠርሁም፤ አልመዘንሁም። ሣጥኑ ሞልቶ ስላየሁት ሞልቶአል ብዬ ከደንሁት። ብዙ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ይህን ማድረጌን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

መዳብ ለሚያስቀምጥ ሰው የመጀመሪያው ጠላት ሌባ ሳይሆን ክብደቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ድፍን መዳብ ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል። ሳንቲም ሲከመር በመካከሉ ክፍት ቦታ ስለሚቀር አንድ ሊትር ዕቃ የሚይዘው 5 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ውሃ የምንቀዳበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሳንቲም ቢሞላበት አንድ ኩንታል እህል ያህል ይከብዳል፤ እጀታውም ተገንጥሎ ይቀራል። የእኔ ሣጥን አነስተኛ ቢሆንም ለማንሳት የማይመች ነበር። ስለዚህ ማየት ስፈልግ ከአልጋው ሥር በወለሉ ላይ እየጐተትሁ አወጣዋለሁ፥ እየገፋሁም እመልሰዋለሁ። ይህን መጐተትና መግፋት ልብ በሉልኝ።

በ1994 ዓ.ም. የባለቤቴ ዘመድ የሆነች አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ በቤታችን ተቀመጠች። ቀን ባለቤቴን በሥራ ትረዳለች፥ ማታ ትማራለች። ፊደል ያስቈጠርኋት እኔ ነኝ። ዝምተኛ፥ ትጉህ ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ዓመት ግን ሣጥኑን ስከፍት መዳቡ የጐደለ መሰለኝ። በሳምንቱ ደግሜ አየሁ፤ አሁንም ጐደለ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ መጐተት ጀመርሁ፤ ባየሁት ቍጥር ይጐድላል። ቤት ውስጥ እኔ፥ ባለቤቴና ልጅቱ ብቻ ነን። ልጆቼ ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ዓይኔ በማን ላይ እንዳረፈ መናገር አያስፈልግም።

በዚያ ሰሞን አዲስ ጫማ ገዝታ ነበር። እኔም የማይሠራ መዳብ የት ወስዳ በገንዘብ ትለውጠዋለች ብዬ ሳሰላስል፥ በየመንደሩ እየጮኸ የሚያልፈው ቆራሌው ትዝ አለኝ፤ በኪሎ ሸጣለታለች ብዬ ደመደምሁ። አልመታኋትም፥ አልሰደብኋትም፤ ለፖሊስም አላመለከትሁም። በዚህም ራሴን እንደ ቸር ሰው ቈጠርሁት። ያደረግሁት ይህ ነው፤ አንድ ማታ በባለቤቴ ፊት «እስቲ ጓዝሽን ፍቺ» አልኋት። ልጅቱም አንዲት ቃል ሳትመልስ ፈታችው። አንድ ቀሚስ፥ እኔው የሰጠኋት ደብተር፥ በመሐረብ የተቋጠረ ሰባት ብር ነበረበት። መዳብ አልነበረም። እኔ ግን መዳቡን አለማግኘቴን የንጽሕናዋ ምስክር ማድረግ ሲገባኝ የተንኰሏ ምስክር አደረግሁት። በነጋታው በሣጥኑ ላይ ቍልፍ አደረግሁ፤ ቍልፉንም በአንገቴ አሰርሁ። እርስዋም አየችው። በአምስተኛው ቀን «ጋሼ፥ እናቴ አሞአታልና ልሂድ» ብላ ወጣች። እናቷ እንዳልታመመች ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ልጅቱ እንደ ሄደች ሳንቲሙን ከሣጥኑ አውጥቼ በማዳበሪያ ጆንያ ጨመርሁና ከቁም ሣጥን ሥር አስገባሁት። ሣጥኑ ሲገለበጥ በታች በኩል፥ በማዕዘኑ፥ አይጥ የበላው ቀዳዳ አየሁ። ለባለቤቴም አሳይቼ «ይህ የአይጥ ሥራ ነው፥ ከእንግዲህ አይጠቅምም» ብዬ ለማገዶ ሰጠኋት። አንባቢዎቼ ሆይ፥ ቀዳዳውን በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ! ለእንጨቱ መበላት አይጡን፥ ለመዳቡ መጕደል ልጅቱን ከሰስሁ እንጂ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም። ከዚያ ወዲህ ከጆንያው አንድም ሳንቲም አልጐደለም። «አየሽ፥ ከሄደች ወዲህ መጕደሉ ቀረ» እያልሁ ለባለቤቴ እነግራት ነበር። ባለቤቴም ዝም ትላለች። ዝምታዋን እንደ መስማማት ተቀበልሁት።

ጆንያው ደግሞ በሌላ መንገድ ቀጣኝ። ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ምንም ቢራገፍ ደቃቁ በስፌቱ ውስጥ ይቀራል። በሐምሌና በነሐሴ የቤቱ እርጥበት ሲነካው ከማዳበሪያው የሚወጣው አሞኒያና ጨው መዳብ ይበላል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ከታች ያለው ሳንቲም አረንጓዴና ሰማያዊ ሻጋታ የመሰለ ነገር አውጥቶ እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘሁት። ባለቤቴ የዕቃ ማጠቢያ ብልሃቷን ተጠቅማ አንድ እፍኝ ያህሉን በሎሚና በአመድ ፈተገችው። ሳንቲሙ እንደ ታጠበ ሕፃን ቀላ፤ ነገር ግን የአንበሳው ጋማና የንጉሡ ጠጕር አብረው ጠፉ። ሎሚው ዝገቱን ብቻ ለይቶ አይበላም፤ አመዱም ይፍቃል። ያ እናቴ ዘንድ በሠላሳ ዓመት የወጣው ቡናማ ቆዳ ከተገፈፈ በኋላ አይመለስም።

በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት የፒያሳና የአካባቢው አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የእኛም ቤት ከሚነሡት አንዱ ሆነ። ስለዚያ ወራት ብዙ መናገር ይቻላል፤ ጐረቤቶቼ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተበተኑ፥ ዕድርተኛው ዕድርተኛውን የሚያገኘው በስልክ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ግን ያ አይደለምና እመለሳለሁ። የቤት ዕቃ ሊያወጡልን የመጡ ሁለት ወጣት ተሸካሚዎች አልጋውን ሲያነሡ አንደኛው በጥጉ በኩል ረገጠና ጣውላው ተሰበረ። እግሩ እስከ ጕልበቱ ገባ። ደንግጬ ስደርስ ልጁ እግሩን አውጥቶ ወደ ጕድጓዱ ይመለከታል። «አባባ፥ እዚህ ውስጥ ሳንቲም አለ» አለኝ።

ተንበርክኬ አየሁ። የወለሉ ጣውላ የሣጥኑ ማዕዘን ያርፍበት በነበረው ቦታ እንደ ሣጥኑ ሁሉ በአይጥ ተበልቶ ነበር። ከሥሩ፥ በተሸካሚዎቹ እንጨቶች መካከል፥ በአቧራ ላይ መዳቡ ተቈልሎአል። ሣጥኑን በጐተትሁ ቍጥር ቀዳዳው በቀዳዳው ላይ ሲያልፍ ሳንቲሙ ይፈስ ኖሮአል። አብዝቼ በተጠራጠርሁ መጠን አብዝቼ ጐተትሁ፤ አብዝቼ በጐተትሁ መጠን አብዝቶ ፈሰሰ። ሌባው የገዛ እጄ ነበር። ልጆቹ በሳሕን እያፈሱ አወጡልኝ፤ በጐረቤት ሱቅ ሚዛን 7 ኪሎ ሆነ።

ያን ሌሊት ባዶ ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን ስንተኛ ለባለቤቴ «ያችን ልጅ ማግኘት አለብኝ፤ ግን የት እንዳለች አላውቅም» አልኋት። እርስዋም ጥቂት ቈይታ «እኔ አውቃለሁ» አለች። ለካ በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን ለጊዮርጊስ ንግሥ ስትሄድ ከልጅቱ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ትገናኝ ኖሮአል። ሠርጓንም በልታለች፤ ልጇንም ስማለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «ብነግርህ ኖሮ እኔንም ጓዝሽን ፍቺ ትለኝ ነበር» አለችኝ።

ልጅቱ ዛሬ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ አላት። ከወለል ሥር የወጣውን መዳብ ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልዬ ሄድሁ። ስታየኝ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ «ይግቡ ጋሼ» አለች፥ ወንበርም አቀረበችልኝ። እንደ መምህርነቴ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ወረቀቱን ፈታሁና «እነዚህ ከወለሉ ሥር ተገኙ። አንቺ ምንም አልወሰድሽም። በድዬሻለሁ» አልሁ።

አንዱን ሳንቲም አንሥታ በአውራ ጣቷ አሸችው። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፥

«ለመሆኑ ጋሼ፥ ያን ጊዜ ስንት ጠፋ ብለው ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልሁ።

«ከመጀመሪያውስ ስንት ነበር?»

«እርሱንም አላውቅም። ቈጥሬው አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ» አለች፥ «ብዙ ሌሊት ሳልተኛ ‹ስንት ሰረቅሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ብዙ ብል ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ? ጥቂት ብል ማን ያምነኛል?› እያልሁ አስብ ነበር።»

ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ቡና አፈላችልኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፥ እኔም እንድትል አልጠየቅኋትም። ስወጣ ግን «አሁንስ ቈጠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ገና ነው» ስላት «እንግዲያው ሳልኖር አይቍጠሩት» አለችኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዐሥር ዓመት የሆናትን ልጇን ይዛ ከከተማው ዳር ወዳለው አዲሱ መኖሪያችን መጣች። አራታችን በምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቈጠርን። ሳንቲሙን በጠርዙ እንጂ በፊቱ እንዳይዙት ነገርኋቸው፤ የጣት ላብ ጨው አለበትና በመዳብ ላይ አሻራ ያስቀራል። አረንጓዴ ዱቄት ያወጣውን ለብቻ ለየን፤ እርሱ ከደኅናው ጋር ቢቀመጥ እርጥበት እስካለ ድረስ መበላቱ አይቆምም። እርሱን በጋራዥ መደብር በሚሸጠው በተጣራ ውሃ፥ በባትሪው አሲድ ሳይሆን፥ እየለወጥን ዘፍዝፈን በደንብ አደረቅነው። ከአክሱም ነገሥታት ዘመን የተረፉ የነሐስ ገንዘቦች ከሺህ ዓመት በላይ በመሬት ውስጥ ኖረው እስካሁን ይታያሉ፤ ጨዋማ አፈር ያገኛቸው ግን ዱቄት ሆነው ቀርተዋል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ እንደዚያ ያለ ጥንታዊ ገንዘብ በእርሻ ወይም በቍፋሮ ያገኘ ሰው የአገር ቅርስ ስለ ሆነ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስመዝግበው እንጂ ለመንገድ ነጋዴ አይሽጠው፤ የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209/1992 አለና።

ደኅናውን ምንም ሳናጥብ፥ ሳንፈትግ፥ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሥተን በመስተዋት ብልቃጥ አደረግነው። የማር፥ የኦቾሎኒ ቅቤና የቡና ብልቃጦች ናቸው፤ ታጥበው ሁለት ቀን በፀሐይ ደርቀዋል። መስተዋት መዳብን አይነካውም። ለስላሳ ላስቲክ ከረጢት ግን ከዓመታት በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣል፤ የጋዜጣ ወረቀትና የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክም ያጠቍሩታል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምናገኛትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣልን። ለልጅ በሚነሣ ልክ እንዲሆን ከ3 ኪሎ በላይ በአንዱ ብልቃጥ አልጨመርንም። ብልቃጦቹም ከላይ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከታች፥ በሲሚንቶው ወለል ላይ ባለው ቁም ሣጥን፥ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ተቀመጡ። ቍልፍ የለውም።

ከዚያም የሒሳብ ደብተር አወጣሁ። የጻፈችው የልጅቱ ልጅ ናት፥ እጇ ያምራል። ባለ አንድ ሳንቲም 640፤ ባለ አምስት 2,905፤ ባለ ዐሥር 1,348፤ ስሙኒ 212። በድምሩ 5,105 ሲሆን ዋጋው 339 ብር ከ45 ሳንቲም ነው። ከእነዚህ ጋር ሰባት የ1923 መቶኛዎችና አንድ የምኒልክ መዳብ ተገኘ፤ እናቴ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፥ ምናልባት ከአምስት ሳንቲም ጋር ተደባልቆ ሰጥተዋት ይሆናል። ከወለል በታች የተገኘውና ከጆንያው የወጣው አብሮ ተቈጠረ። ቢሆንም ይህ ቍጥር እናቴ የተወችልኝ ሁሉ መሆኑን ላረጋግጥ አልችልም። ያን ለማወቅ በ1985 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ቍጭ ብዬ መቍጠር ነበረብኝ። ከሥሩ አራታችንም ፈረምን። እናትዮዋ ስትፈርም ፊደሏን አየሁት፤ እኔ ያስተማርኋት «መ» አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል።

ሊሄዱ ሲሉ ሕፃኒቱ «አንድ ልውሰድ?» ብላ ጠየቀች። እናቷ በቍጣ ዓይን አየቻት፥ ፊቷም ተለዋወጠ። እኔ ግን አንዲት አምስት ሳንቲም ከብልቃጡ አውጥቼ ለልጅቱ በመዳፏ ላይ አኖርሁላት። ደብተሩንም መልሼ ከፍቼ ከ2,905 በታች «አንድ ተሰጠ፥ ቀሪ 2,904» ብዬ ጻፍሁና እርሳሱን ለእናትዮዋ አቀበልኋት። ቀኑን ጻፈችበት።